አንድ ፓኮ፣ አንድ ገጽ

«ዛሬ ሰማያዊውን ሸሚዝሽን ልበሺ» አለቻት ማሪት በስልክ፤ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ትሩዲ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ዳቦዋን ቅቤ ትቀባ ነበር። ሴት ልጇ በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ማሪት እናቷ ቤት ቡና ለመጠጣት እንኳ ሳምንት ቀደም ብላ ቀጠሮ የምትይዝ ሰው ናት። ደግሞስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነጭ ጋዋን ለብሳ ብስኩት ስታሽግ የኖረች ሴት ከጋዋኑ ስር ሰማያዊ ለበሰች ቀይ ማን ሊያይላት ነው? «እንግዶች አሉ፤ አዳራሹ ስትገቡ ጋዋናችሁን ታወልቃላችሁ። ሰማያዊው ያምርብሻል» አለችና ማሪት ቶሎ ዘጋችው። ባሏ ሲም ከጠረጴዛው ማዶ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ማን ሞተ?» ሲል ጠየቀ። ማንም አልሞተም አለችው። ሲም ዳቦው ላይ የቸኮሌት ፍርፋሪ እየነሰነሰ «ታዲያ በዚህ ሰዓት ምን አስደወላት» አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ትሩዲ ሸሚዙን ከቁም ሳጥን አውጥታ ተኮሰችው። ደስ ብሏት ነበር፤ ልጅዋ እንድታምር ስትፈልግ የማትደሰት እናት የለችም።

ሳይክሏን ይዛ ስትወጣ ንፋሱ ከወንዙ ማዶ ካሉት ፋብሪካዎች የካካዎ ሽታ ይዞ ይነፍስ ነበር። የዛንዳም ከተማ ሰው ይህን ሽታ ከልጅነቱ ስለለመደው አይሸተውም፤ ትሩዲ ግን አፍንጫዋ ልዩ ነው፣ ሁሌም ይሸታታል። መንገዱን ሙሉ ስለ ማሪት አሰበች። ማሪት እዚያው ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ፣ ከማሸጊያው በላይ ባለው ፎቅ ነው የምትሠራው። ፋብሪካው ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ፓኮ ብስኩት ሁለት ሳንቲም እያነሳ በአሥራ አራት አገር ላሉ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ይገዛል፤ «አንድ ፓኮ፣ አንድ ገጽ» ይሉታል፣ በየፓኮው ጀርባም መጽሐፍ ይዞ የሚስቅ ሕፃን ታትሞበታል። የማሸጊያ ሴቶች ቢሮውን «መንግሥተ ሰማያት» ነው የሚሉት፤ አንድም ላይ ስለሆነ፣ አንድም እዚያ ቡናው በነፃ ስለሆነ። ማሪት በመንግሥተ ሰማያት የያዘችው ሦስተኛው ጊዜያዊ ውል ነው። ከሦስት በኋላ አራተኛ የለም፤ ወይ ቋሚ ያደርጓታል ወይ አበባ ሰጥተው ይሸኟታል፣ ጊዜው ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ቋሚ ካልሆነች ባንክ የቤት ብድር አይሰጣትም፤ እስከዚያ አምስተርዳም ውስጥ ለአንዲት ክፍል አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ዩሮ እየከፈለች፣ ወጥ ቤቱን ከሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ጋር እየተጋራች ትኖራለች። ትሩዲና ሲም ሦስት ክፍል ቤታቸውን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረውበት የሚከፍሉት ስድስት መቶ አርባ ነው። ትሩዲ የልጇን ክፍል ባየች ቁጥር የሰረቀች ያህል ታፍራለች።

የትሩዲ ሥራ ለሚያይ ሰው ቀላል ነው። የአራተኛው ማሸጊያ መስመር ኃላፊ ናት። ጠዋት መስመሩ ከመነሳቱ በፊት፣ የብስኩቱ ዓይነት በተለወጠ ቁጥርም፣ ማሽኑ ላይ የተጠቀለለውን የብስኩት ማሸጊያ ላስቲክ ከትእዛዙ ወረቀት ጋር ታስተያያለች፤ ወረቀቱ ለውዝ አለበት ካለ ላስቲኩም ለውዝ አለበት ማለት አለበት። ከዚያ ትፈርማለች። ስህተት ከተሠራ የሆነ ቦታ፣ ለውዝ የማይስማማው አንድ ልጅ ብስኩቱን በልቶ ጉሮሮው ይዘጋል። ለዚህ ፊርማ በወር ሁለት መቶ አሥር ዩሮ ጭማሪ ታገኛለች፤ ከገንዘቡ ይልቅ ግን የምትወደው አለቃዋ ዋውተር ወረቀቱ ያለበትን ማኅደር ሲሰጣት «ትሩዲ ካየችው አይቻለሁ» የሚላትን ነው። የፋብሪካው ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ትሩዲ ያን ወረቀት ለአሥራ ስምንት ዓመት ያህል ስትፈርምበት ማንበብ አለመቻሏን ነው። ይህ ቢታወቅ በማግስቱ ማኅደሩን ከእጇ እንደሚቀበሏት፣ ስሟም ከዚያ በኋላ ሌላ ስም እንደሚሆን ታውቃለች። ስለዚህ መላ ነበራት። ለውዝ ያለበት ላስቲክ በዳሩ ቀይ መስመር አለው፤ የየቃሉን መልክ ደግሞ እንደ ሰው ፊት በቃሏ ይዛዋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮሪ አለች።

ኮሪ እዚያው መስመር ላይ ከእሷ እኩል የገባች፣ ፀጉሯን ቀይ የምትቀባ፣ ድምፅዋ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ጓደኛዋ ናት። ትሩዲ ገና በመጀመሪያው ወር «እስቲ ዜናውን አንብቢልኝ» አለቻትና ወረቀቱን ሰጠቻት፤ ኮሪም እንደ ራዲዮ ሰው ጉሮሮዋን ጠርጋ «እንደምን አደራችሁ፤ ዛሬ በአራተኛው መስመር ለውዝ አለ፣ ወተት አለ፣ እንቁላል የለም፤ ስፖርት ደግሞ ተሸንፈናል» ብላ አነበበች። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ዜና ይነበባል። አንድ ጊዜ እንኳ ስህተት አልተሠራም። እንዲያውም ከስድስት ዓመት በፊት ማተሚያ ቤቱ ቀዩን መስመር ረስቶ የላከው ላስቲክ መስመሩ ላይ ሲሮጥ ትሩዲ «ይሄ ብስኩት ለውዝ ለውዝ ይላል» ብላ በአፍንጫዋ ብቻ ማሽኑን አስቁማለች፤ ለዚያም ክሬም ኬክ ተገዝቶላት ነበር።

አሁን ማንበብ ትችላለች። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆናት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ወንዙ ዳር ባለው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ያስተምሯታል። ክፍሉን ያገኘችላት ማሪት ናት፤ እናቷን እጅዋን ይዛ የወሰደቻትም እሷ ናት። ያን ቀን በሩ ላይ ትሩዲ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት፤ ማሪትም «ለማንም» ብላ ደገመችላት። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ትሩዲ ወረቀቱን ኮሪ ሳትመጣ ለብቻዋ፣ በጣቷ እየተከተለች ታነበዋለች፤ ዛሬም አንብባዋለች። ቢሆንም ዜናውን ታስነብባለች፤ አንድም ነገሩ እንዳያስጠረጥር፣ አንድም ኮሪ ዜና ሳታነብ ቀኑ ቀን ስለማይመስላት።

አምስት ሰዓት ላይ መስመሮቹ ሁሉ ቆሙና ሠራተኛው ጋዋኑን ኮሪደር ላይ እየሰቀለ ምግብ አዳራሹ ገባ። የማሸጊያ ሰው ለአርባ ደቂቃ ማሽን የሚቆምለት እሳት ሲነሳ ወይም በጎ አድራጎት ሲሆን ነው። የበጎ አድራጎቱ አሥረኛ ዓመት ነበር። ከፊት ረድፍ ብስኩቱን ለመደብሮቻቸው የሚገዙ የየሱፐርማርኬቱ ገዢዎች፣ ብርሃን የሚያበራ ካሜራ የያዘ ሰውዬና አነሊስ ተቀምጠዋል። አነሊስ የሠራተኛ አስተዳደርም የበጎ አድራጎቱም ኃላፊ ናት፤ ስለዚህ ሰው ስትቀጥርም ስታሰናብትም ያው ፈገግታ ነው ያላት። ፊልም ታየ። አንድ ሩቅ አገር ሕፃናት የፋብሪካው ምልክት ያለበት ደብተር ይዘው ይዘምራሉ፤ ኮሪ «ልጆቹ ካሜራውን አይደለም የሚያዩት፤ ከኋላው ያለውን ብስኩት ካርቶን ነው» ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከችና ትሩዲን አሳቀቻት። እያንዳንዱ ሰው ከቡናው ጋር አንድ አንድ ብስኩት ተሰጠው። በቀን ሁለት መቶ ሺህ ብስኩት የሚያወጣ ቤት ለእንግዳው የሚያነሳው አንዲት ነው፤ ይህም ወግ ሆኖ ማንም አይታዘበውም።

ከዚያ ማሪት ወጣች። ወረቀት ይዛለች። ትሩዲ የኮሪን ክንድ ጨብጣ «የኔ ልጅ» አለች፣ ሁሉም እንደሚያውቅ እያወቀች። ማሪት፣ ማንበብ አለመቻል የሩቅ አገር ችግር ይመስለናል፣ ግን እዚሁ በሁለት ጎዳና ርቀት አለ ብላ ጀመረች። አንዲት ሴት አውቃለሁ አለች። ይህች ሴት ባቡር ስትሳፈር የጣቢያዎቹን ቁጥር በጣቶቿ ትቆጥራለች፤ ሐኪም ቤት ፎርም ሲሰጧት እጇ እንደተጎዳ ጠቅልላው ትሄዳለች፤ ልጅዋ ገና በዘጠኝ ዓመቷ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ራሷ አንብባ፣ ራሷ መልስ ጽፋ ትወስድ ነበር። ትሩዲ የኮሪን ክንድ ለቀቀች። ይህን ሁሉ ለማሪት የነገረቻት ራሷ ነች። ከሰባት ሳምንት በፊት፣ እሑድ፣ ማሪት ቀጠሮ ይዛ ቡና ልትጠጣ መጥታ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ «እንዴት ነበር ግን እማ፣ ባቡር ስትሳፈሪ?» እያለች ጠየቀቻት፤ ትሩዲም በሕይወቷ ይህን የጠየቃት ሰው ስላልነበረ እየሳቀች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት። ማሪት ያን ቀን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀምጣው ነበር። ትሩዲ ልጄ በመጨረሻ ስልኳን ትታ እኔን ታዳምጣለች ብላ ደስ ብሏት ነበር።

«ያቺ ሴት እናቴ ናት» አለች ማሪት። «እዚሁ ተቀምጣለች፤ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰችው። ዛሬ ታነባለች፤ በእሷ እኮራለሁ።» የካሜራው ብርሃን ዞረና የትሩዲን ዓይን አሳወረው። ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ተነስቶ ወደ ኋላ መጣ። ሰው ሁሉ ቆመ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። ትሩዲ መነሳት እንዳለባት ገባትና ተነሳች፤ ፈገግም አለች፣ ፈገግታው ግን ፊቷ ላይ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት። ከዚያ ሰዎች እጅ ሊጨብጡ ተሰለፉ። ልደት ሲሆን ለባለልደቱ ብቻ ሳይሆን ለእናቱም ለጎረቤቱም እንኳን ደስ ያለህ ማለት የለመደ ሕዝብ ነው፤ ዛሬም ማሪትን «ለእናትሽ እንኳን ደስ ያለሽ»፣ ትሩዲን «ለልጅሽ እንኳን ደስ ያለሽ» እያሉ አለፉ። አርባ ሰው ገደማ እንዲህ አላት። ለአርባውም አመሰገነች። ማሪት ከሰዎቹ መሃል መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ለማንም ብለሽኝ ነበር» አለች ትሩዲ በጆሮዋ።

«እማ፣ ነውሩ እኮ የሚጠፋው ሲነገር ነው። እያቸው፣ ሁሉም እያለቀሱ ናቸው።»

«የማን ነውር ነው ግን፣ ያንቺ ነው?»

ማሪት ከሱፐርማርኬቱ ገዢዎች አንዱ ስለጠራት «ማታ እንነጋገራለን» ብላ ሄደች። ትሩዲ ዞር ስትል ኮሪ ቦታዋ ላይ የለችም። ያገኘቻት ኮሪደሩ ላይ ጋዋኗን ስትቆልፍ ነው፤ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆልፋ ስትጨርስ አንዱ ቁልፍ ዘሎ ኖሮ እንደገና ፈታቻቸው። ትሩዲ አጠገቧ ቆመች። ኮሪ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው አለቀ።

«‹ዜናውን አንብቢልኝ›» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እኔ ሞኟ ደግሞ ድምፄን ወድደሽው መስሎኝ።»

«ድምፅሽን እወደዋለሁ።»

«ወንድሜ ሄንክ የሞተ ጊዜ የጻፍኩልሽን ደብዳቤስ? አራት ገጽ የጻፍኩልሽን?»

ትሩዲ መዋሸት ትችል ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ያንኑ ነው። «ሲም አነበበልኝ» አለች።

«ሲም። እዚያ ውስጥ ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ነው የጻፍኩት፣ ትሩዲ።» ኮሪ ተቆጥታ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። «ሲም ያውቃል። ማሪት ታውቃለች። መንግሥተ ሰማያት ያውቃል። እኔ ከሱፐርማርኬት ገዢ እኩል ነው የሰማሁት። ከአንድ የቴርሞስ ክዳን ስንጠጣ ኖረን፣ ምንሽ ነኝ እኔ?» መልሱን አልጠበቀችም፤ ፀጉር መሸፈኛዋን ስባ ወደ ማሽኑ ሄደች። ትሩዲ ልትነግራት ፈልጋ ለስንት ዓመት ቀን ስትመርጥ እንደኖረች፣ በሚቀጥለው ወር በኮሪ ልደት ላይ የልደት ካርድ ራሷ ጽፋ ልትሰጣትና ያኔ ልትነግራት ወስና እንደነበር ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን አሁን ያ ሁሉ ማመካኛ ይመስላል። ማሪት የወሰደችባት ይህን ነው። ምስጢሩ መቼም መውጣቱ አይቀርም ነበር፤ የምትነግረውን ሰውና የምትነግርበትን ቀን ግን ራሷ መምረጥ ነበረባት።

መስመሩ ሲነሳ ዋውተር ማኅደሩን ይዞ መጣ። ወፍራም፣ ፊቱ ቶሎ የሚቀላ፣ ክፉ ነገር መናገር የማይሆንለት ሰው ነው። ማኅደሩን ለትሩዲ ሊሰጣት ዘረጋና መልሶ ወደ ደረቱ ሳበው። «ለዛሬ ኮሪ ትፈርም» አለ፤ «ለዛሬ ብቻ ነው።» ኮሪ ወረቀቱን ተቀብላ ዓይኗን በላዩ ላይ አስኬደችና ፈረመች። ሌሎቹ ሴቶች ካርቶናቸውን እያጠፉ ጠበቁ፤ ዜና አለመኖሩ ሲገባቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ትሩዲ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ቆማ ፓኮዎቹን በካርቶን ስትደረድር ዋለች፤ መጽሐፍ የያዘው ሕፃን በየፓኮው ጀርባ እየሳቀባት ያልፋል። ምሳዋን አልበላችም። ለማልቀስም እልህ ያዛት።

ስምንት ተኩል ላይ ወደ ፎቅ ጠሯት። የአነሊስ ክፍል ሞቃት ነው፤ ምንጣፍ አለው፣ ግድግዳው ላይ የአሥራ አራቱ አገሮች ካርታ ተሰቅሏል። አነሊስ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች፤ ዋውተር አጠገቧ፣ ማሪት ደግሞ መስኮቱ ጥግ፣ የተሰጣትን እቅፍ አበባ እንደያዘች ቆማለች። አነሊስ ጠዋት ከሁሉ በፊት ሮጣ «አንቺ ጀግና» ብላ ያቀፈቻትን ሴት አሁን «እርስዎ» አለቻት፤ ትሩዲ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከዚያች ቃል አወቀች። ከገዢዎቹ አንዱ ቡና ላይ እያለ ዋውተርን «ያቺ ግሩም ሴት ምንድን ነው የምትሠራው?» ብሎ ጠይቆት ኖሯል። ዋውተርም መዋሸት ስለማይችል የላስቲኩን ወረቀት ፈራሚ ናት ብሎታል። ሰውዬው ቡናውን አስቀመጠ። አሁን የአሥራ ስምንት ዓመት ወረቀት በሙሉ ይመረመራል። ትሩዲ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ከመስመር ወርዳ ትሪ አጠባ ክፍል ትገባለች። ደሞዟ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይነካም፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ደረጃ ይወርዳል።

«አሁን አነባለሁ» አለች ትሩዲ። «ወረቀቱን አምስት ወር ሙሉ ራሴ አንብቤ ነው የፈረምኩት። አንድ ስህተት አላገኛችሁብኝም።»

«በዚህ ሁላችንም ደስ ብሎናል» አለች አነሊስ፤ ከልቧም ይመስላል። «ችግሩ ያለፈው ነው። አንዴ በአደባባይ ከተነገረ በኋላ አላወቅንም ማለት አንችልም።»

«እኔ በአደባባይ ይነገር አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም።»

አነሊስ ግራ ገባት። ማሪትን አየቻት፤ ማሪት አበባውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። አነሊስ መሳቢያ ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ፈቃድዎን በጽሑፍ ሰጥተውናል እኮ። ያለዚህ አንዲት ቃል አናወጣም።»

ትሩዲ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። አጭር ነበር። ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ስር አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ከዚህ በታች የፈረምኩት እኔ ታሪኬ በስብሰባ፣ በፊልምና በድረ ገጽ እንዲነገር ፈቅጃለሁ ይላል። ይህንን ጽሑፍ ያለማንም እርዳታ አንብቤ ተረድቼዋለሁ ይላል። ቀኑ የዚያ እሑድ ማግስት ነው። ከስሩ ስሟ ከነአባቷ ስም ሙሉውን፣ ክብ ክብ በሆኑ፣ እርስ በርስ በተያያዙ ቆንጆ ፊደላት ተፈርሟል። ያን ጽሕፈት ታውቀዋለች። ማንበብ ሳትችል እንኳ ታውቀው ነበር፤ ፍሪጁ ላይ የሚለጠፈው የግዢ ዝርዝር፣ ለሐኪሙ የሚላከው ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤቱ መልስ ሁሉ በዚህ ጽሕፈት ነበር። የትሩዲ ፊርማ ሌላ ነው፤ አንዲት ፊደል ትጽፍና ከጎኗ የዓሣ አጥንት የመሰለ ሰረዝ ትስባለች። ዋውተር ያን የዓሣ አጥንት በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ እያየ ነው የኖረው። አሁንም ከአነሊስ ትከሻ በላይ አጎንብሶ ወረቀቱን አየ፣ ፊቱም ቀላ።

«ትሩዲ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ያንቺ ፊርማ ነው?»

በር ነበር የከፈተላት። አይደለም ብትል ንግግሩም ፊልሙም ያለ ፈቃድ የወጣ ይሆናል፤ ፋብሪካው ይቅርታ ይጠይቃታል፣ ምናልባት ማኅደሯም ይመለስላታል። ማሪት ደግሞ የሰው ፊርማ አስመስላ የፈረመች ሠራተኛ ትሆናለች፤ ውሉም፣ ቤቱም፣ ሁሉም እዚያው ያከትማል። ትሩዲ ልጇን አየቻት። ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ አበባውን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። አንዲት ቃል ነበር የምትጠብቀው። ማሪት «እኔ ነኝ» ብትል ኖሮ ትሩዲ ወዲያው አቋርጣት ፊርማው የኔ ነው ልትል በልቧ ተዘጋጅታ ነበር፤ ልጇ ስትሞክር ማየት ብቻ ነበር የፈለገችው። ማሪት ካርታውን አየች፣ ከዚያ ምንጣፉን። ትሩዲ ከሚገባው በላይ ጠበቀቻት።

«የኔ ነው» አለች።

ማሪት ተነፈሰች። ሁሉም ሰሙት። አነሊስም ቀለል ብሏት ሁለተኛ ወረቀት አወጣች፤ ወደ ትሪ አጠባ የመዛወሩ ስምምነት ነው፣ ሁለት ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል። «ዋናው ነገር ያልኩዎት ነው፤ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ» ብላ በእስክሪብቶ ቦታውን አሳየቻት። ማሪት ከመስኮቱ ጥግ ፈጠን ብላ መጣች፤ አበባውን ወንበር ላይ ጣለችና ወረቀቱን ለማንሳት እጇን ዘረጋች። «አምጪ እማ፣ እኔ ላንብብልሽ።»

ትሩዲ ወረቀቱን መዳፏን ጭና ያዘችው። «እጅሽን አንሺ» አለች። ለልጅዋ በዚህ ድምፅ ተናግራ አታውቅም። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ስር አስቀመጠች። አንደኛውን ገጽ አነበበች። ያልገባት ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማት ወደ ኋላ ተመልሳ ደገመችው። አነሊስ ሁለት ጊዜ ልትናገር ቃጣትና ተወችው፤ ዋውተር ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ማሪት እዚያው ጠረጴዛው ጥግ፣ እጇን የምታደርግበት አጥታ ቆመች። ፈረቃው የሚለወጥበት ደወል ተደወለ፤ ትሩዲ ቀና አላለችም። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች፣ እሱንም እስከ ታች፣ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አነበበችው። በሕይወቷ ያለማንም እርዳታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብባ የጨረሰችው ረጅሙ ጽሑፍ ይህ ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ አንዲት ፊደል ጻፈች፣ ከጎኗም የዓሣ አጥንቷን ሳበች።

አነሊስ ወረቀቱን ተቀብላ ከፈቃዱ ወረቀት አጠገብ አስቀመጠችው። ሁለቱ ፊርማዎች ጎን ለጎን ሆኑ። አየቻቸው፤ ደግማ አየቻቸው። ማሪትን ቀና ብላ አየች፣ ቀጥሎ ዋውተርን፤ ዋውተር ጫማውን ያይ ነበር። ከዚያ አዲሱን ወረቀት በአሮጌው ላይ ደርባ፣ ዳርና ዳሩን በጠረጴዛው መትታ አስተካከለችና አንድ ማኅደር ውስጥ ከትታ ዘጋችው።

«መልካም» አለች፤ «ሁሉም ነገር ተሟልቷል።»